በጣሳና በማዳበሪያ ስለሚበቅል ጎመንና ሰላጣ

ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ እንደ ነበረች አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከአፋር ቆላ የሚወጣው ጨው፣ ከዝናብ ከተጠበቀ ዘንድ፣ የመንገዱ ርቀት አያበላሸውም ነበር። ቅጠል ግን እንደ ጨው አይደለም። ጠዋት የተቆረጠ ሰላጣ በጆንያ ታፍኖ፣ በጭነት መኪና ላይ ሲንገላታ ውሎ ወደ ጋዝጊብላ ሲገባ፣ ገዥው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ሻጩ ራሱ ያፍርበታል።

ይህ ጸሐፊ በአስከተማ በአንድ ነጋዴ ቤት የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነው። ከቆቦ በኩል ከሚመጣው ሸቀጥ ውስጥ ሽንኩርቱና ድንቹ ትርፉ ይብዛም ይነስ ይሸጣል፤ ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው ግን አዘውትሮ የሚጻፈው «ተበላሽቶ የተጣለ» በሚለው ዓምድ ነው። አሠሪዬ አንድ ቀን መዝገቡን ከተመለከቱ በኋላ፣ «መጨረሻው ለአህያ ከሆነ ኪራዩን ለምን እንከፍላለን?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረኝም። ይሁን እንጂ አለማምጣቱም ቀላል አይደለም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን የማይፈልግ ቤት የለምና። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ የተበላሸውንም ቅጠል የሚያመጣ አልተገኘም።

ነገሩ የንግድ ብቻ አይደለም። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የተሰየመው በእኛው በሰቆጣ ስም ነው። አረንጓዴ ቅጠል፣ በተለይም የሐበሻ ጎመን፣ ለዓይንና ለሰውነት የሚበጀውን ቪታሚን ኤ ያስገኛል፤ ጥቂት ዘይት ሲገባበት ደግሞ ሰውነት ይህን ቪታሚን በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል። ዘይቱን ከእኛ ገዝቶ የሚሄደው ደንበኛ ግን በቤቱ ቅጠሉ የለውም።

ስለዚህ ቅጠሉን ከሩቅ ከማስጫን ይልቅ በየበራፉ ማብቀል ይሻላል እላለሁ። መሬት የለኝም የሚል ነጋዴ ቢኖር የመጋዘኑን ጥግ ይመልከት። የተቀደደ የስኳር ማዳበሪያ፣ የተሰነጠቀ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ የዛገ ጣሳ በዚያ ተከማችቶ ያገኛል። ያልተሰነጠቀው ጀሪካን ውኃ መቅጃ ስለሆነ በእርሱ ላይ አፈር መሙላት ብክነት ነው፤ የሚያፈሰው ግን ለአትክልት የተሰጠ ዕቃ ነው። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ አይነካ።

በመጀመሪያው ዓመት እኔው ራሴ ተሳስቼ ነበር። በክረምት ስድስት ጣሳ አፈር ሞልቼ ሰላጣ ዘራሁ፤ ነገር ግን የጣሳዎቹን ታች አልበሳሁም። ዝናቡ ሲበረታ ውኃው መውጫ አጥቶ ሥሩ በሰበሰ፤ የጎረቤት ልጆችም «ጋሼ ገንፎ ተከለ» እያሉ ሳቁብኝ። ዛሬ ታቹን በምስማር እበሳለሁ፤ ከሥሩ ጠጠር አነጥፋለሁ፤ ከዚያም አፈሩን፣ አሸዋውንና በሚገባ የበሰበሰውን ፍግ እኩል ለእኩል ቀላቅዬ እሞላለሁ። ትኩስ ፍግ ተክሉን ከማቃጠሉም በላይ፣ ሰላጣ በጥሬው የሚበላ ስለሆነ በሽታ ያመጣል። ለሰላጣ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ይበቃዋል፤ ጎመንና ቆስጣ ግን ክንድ የሚጠጋ ጥልቀት ቢያገኙ ይወዳሉ።

በናይሮቢ ኪቤራ በሚባለው ሰፈር ነዋሪዎች ከፍ ያለ ጆንያ አቁመው፣ በመካከሉ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ዓምድ ሠርተው፣ ጎኑን እየበሱ በየቀዳዳው የጎመን ችግኝ ይተክላሉ። ውኃው በጠጠሩ በኩል ወርዶ ለሁሉም ይዳረሳል። ይህንን በአንድ የስኳር ማዳበሪያ ሞክሬ ተሳክቶልኛል፤ ጨርቁ ግን በፀሐይ ስለሚበጣጠስ ከዓመት በላይ አይታመንም።

ትልቁ ችግር ውኃ ነው። የዋግ ክረምት አጭር ነው፤ ከመስከረም በኋላ ያለው ወራት ሁሉ በእጅ የሚጠጣ ነው። እህልና ሽሮ ክክ የታጠበበትን ውኃ ባለቤቴ ታስቀምጥልኛለች፤ ሳሙና የነካውን ግን ለቅጠል አላፈስም። ጠዋትና ማታ በመጠኑ ማጠጣት፣ አፈሩንም በጭድ መሸፈን ብዙ ውኃ ያድናል። ክሽክሽ ሲወርድበት አመድ እነሰንስበታለሁ፤ ቅጠሉን ከመብላቴ በፊትም በንጹሕ ውኃ አጥበዋለሁ። የሰላጣው የውጭ ቅጠል ከአምስት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ መለቀም ይጀምራል። ጎመን ጥቂት ይዘገያል፤ ነገር ግን ከታች እየተለቀመ፣ ጫፉ ሳይነካ ከተተወ ለወራት ይሰጣል።

አሁን ወደ ሱቃችን እንመለስ። የሐበሻ ጎመን ዘር ገበሬው ከራሱ ማሳ ያወጣል፤ የሰላጣና የቆስጣ ዘር ግን አብዛኛው ከውጭ አገር በታሸገ ጣሳ የሚገባ ነው። ባለሱቅ ጣሳውን ከፍቶ በሲኒ እየሰፈረ ሲሸጥ፣ ቀኑ የተጻፈበት ጣሳ ከእርሱ ዘንድ ይቀራል፤ ገዥውም የገዛው ዘር ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ አያውቅም። የሰላጣ ዘር ሙቀትና እርጥበት ባለበት መደርደሪያ ላይ ከቆየ ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ስሙን መጥራት ከማያስፈልግ ሱቅ የገዛሁትን ዘር ሁለት ጊዜ ዘርቼ አንድም አልበቀለልኝም። የደከምሁበት ውኃ ነው የቆጨኝ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየጠበቁ፣ ብርሃን በሚያገኝበት ስፍራ አንድ ሳምንት ማቆየት ነው። ሰባትና ስምንት ከበቀለ ይሸጥ፤ ሦስት ብቻ ከበቀለ አይሸጥ። የሰላጣ ዘር ሲዘራም በጥልቅ አይቀበርም፤ ብርሃን ይወዳልና አፈር ትንሽ ብቻ ይነስነስበት።

አሠሪዬ ይህንን ሙከራ በሱቁ ጓዳ አስጀምረዋል። ዘሩን በወረቀት ጠቅልለን፣ የጣሳውን ቀን በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ በእጄ እጽፋለሁ። ባለፈው ጊዜ ከቆስጣው ዘጠኝ፣ ከሰላጣው አራት በቀለ፤ የሰላጣውን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረድነው። ኪሣራው በእኔው መዝገብ ላይ ተጽፏል።