ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው አሳይመንት

አዲስ አበባ ውስጥ ኮሌጅ ባለበት ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹም መካከል መስታወቱ ላይ «አሳይመንትና ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት የለጠፈ አይታጣም። ማስታወቂያው አያፍርም። ከ«ላሚኔሽን» እና ከ«ጥረዛ» ጋር በአንድ መስመር ተሰልፎ፣ ስልክ ቁጥር አንጠልጥሎ ደንበኛ ይጠብቃል።

ደንበኞቹ የርቀት ተማሪዎች ብቻ ናቸው ብል እዋሻለሁ፤ መደበኛውም ተማሪ ይመጣል። ግን መደበኛው ተማሪ በማግስቱ ክፍል ሲገባ አስተማሪው «ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?» ሊለው ይችላል። የርቀቱን የሚጠይቅ የለም።

ከዓመታት በፊት ለአንድ የግል ኮሌጅ የርቀት ተማሪዎች አሳይመንት አርም ነበር። ክፍያው በወረቀት ቁጥር ስለነበር ፍጥነት ይጠይቃል። አንድ ቅዳሜ የሶሾሎጂ መግቢያ ክምር ደረሰኝ። ከመካከሉ አሥራ አንዱ የሶሾሎጂውን ምሁር የኤሚል ዱርካይምን ስም አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተው ጽፈውታል፤ በነጠላ ሰረዝ እንኳ አይለያዩም። ላኪዎቹ ግን በሦስት የተለያዩ ከተሞች የሚኖሩ ናቸው። ለአስተባባሪው ሳሳየው ብዙም አልደነቀውም። «አንተ ውጤቱን ሙላ፤ ወረቀቱ እንደሆነ አይመለስላቸውም» አለኝ።

ከግልባጩ ይልቅ የቆረቆረኝ ይህ የመጨረሻ ቃሉ ነው። ተማሪው ታዲያ የሚጽፈው ለማን ነው? ማንም አንብቦ እንደማይመልስለት የሚያውቅ ሰው ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ከፍሎ ቅዳሜውን ለልጆቹ ቢያተርፍ፣ ሰነፍ ለማለት አፌ አልደፈረም።

በአገራችን በዲስታንስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚማረው አብዛኛው ሰው ሥራ ያለው ሰው ነው። ዲፕሎማ ያለው መምህር፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ ፖሊስ፣ ልጅ አዝላ የምታነብ እናት። ዲግሪውን የሚፈልገው ለደረጃ ዕድገትና ለደመወዝ ነው፤ ይህን መናገር ነውር ሊሆን አይገባም። ምዝገባው እንደተጠናቀቀ ሞጁሉን ተሸክሞ ይሄዳል። በየምዕራፉ መጨረሻ የራስ መፈተኛ ጥያቄ አለ። በሴሚስተር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ቲዩቶሪያል ይሰጣል፤ ከሩቅ ወረዳ የሚመጣው ተማሪ ፈቃድ ካገኘና የመኪና ክፍያ ካልቸገረው ይደርስበታል። ከዚያ አንድ ቅዳሜና እሑድ የትምህርት ቤት ክፍል ተከራይተው ያስፈትኑታል።

መንግሥት የዚህን ትምህርት ጥራት ሲጠራጠር ቆይቷል። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. ላይ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን ጨርሶ ከለከለ፤ የግል ተቋማትንም ከሕግና ከመምህርነት ትምህርት አስወጣ። ከተቋማቱ ጋር ድርድር ተደርጎ የርቀቱ ክልከላ ሲነሣ የሕግና የመምህርነቱ ጸና። ያን ጊዜ ሌላ ነገርም ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ ሰባ በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በአንድ በኩል የመደበኛው በር ጠበበ፤ በሌላ በኩል የርቀቱ በር ተንገጫገጨ። ማኔጅመንት፣ ሶሾሎጂ ወይም ኢኮኖሚክስ መማር የፈለገ ሠራተኛ መካከል ላይ ቀረ። ቤተ ሙከራ የማይጠይቁ ትምህርቶች ስለሆኑ ለርቀት ይመቻሉ ይባላል። ይህ «ይመቻሉ» የሚሉት ቃል ብዙ ጊዜ «ይረክሳሉ» ማለት ይመስለኛል።

የሚፈለገው ቤተ ሙከራ ባይሆንም የሚከራከር ሰው ነው። ሒሳብ የሚያሰላ ተማሪ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ገልጦ ያመሳክራል። «ድህነት የሚወረሰው ለምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ ግን ከጀርባ የሚገለጥ መልስ የለም። ክርክርህ የላላበትን ቦታ የሚያሳይህ ሌላ ሰው ነው።

የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይህን ገና ከጅምሩ አውቆበታል። እ.ኤ.አ. በ1969 ቻርተር አግኝቶ በ1971 ማስተማር ሲጀምር ካቀረባቸው አራት መነሻ ኮርሶች አንዱ ማኅበራዊ ሳይንስ ነበር። ሰው የሚያስታውስለት በቢቢሲ ያስተላልፈው የነበረውን ትምህርት ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላው ነው፤ ተማሪው በፖስታ የላከውን ድርሰት የሚያርም አስተማሪ ተመድቦለት፣ ወረቀቱ አስተያየት ተጽፎበት ይመለስለት ነበር። የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል ስሙ ከገነነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያ የሶሾሎጂ ፕሮፌሰር ሆኖ ገብቶ ጡረታ እስኪወጣ አስተምሯል። የሚያስተምራቸው ደግሞ ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጡ ሰዎች ነበሩ። የርቀት ትምህርት የደካማ ምሁር መጠለያ ነው የሚል ካለ ይህን ያስብ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት ያስተማረው የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ተቀብሏል። ኔልሰን ማንዴላም እስር ቤት ሆነው የሕግ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1989 የጨረሱት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ርቀት በራሱ ትምህርትን አያቀልም።

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና መጣ። ከየትም ይመረቅ፣ ሃምሳ በመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም ተባለ። በመጀመሪያው ዙር ከተቀመጡት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ 40.65 በመቶ። የመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያሳልፉ የግሎቹ 17.2 በመቶ ላይ ቆሙ። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር በርቀት ትምህርት ላይ እንደ ፍርድ ወሰደው። ቁጥሩ ግን የመንግሥትና የግል እንጂ የርቀትና የመደበኛ አይደለም፤ ያልተለየውን ለይቶ መፍረድ አይገባም። ሆኖም ቲዩቶሪያል ላይ «ሁሉም ያልፋል፣ አትጨነቁ» ይባል የነበረው ሰው ኮምፒዩተር ፊት ብቻውን ተቀምጦ ያየው ነገር እንዳስደነገጠው አልጠራጠርም።

ፈተናው አንድ ጥቅም አለው፤ በገንዘብ የተሠራ አሳይመንት ኮምፒዩተሩ ፊት አያድንም። ጉዳቱም እዚያው ነው። ፈተናው ምርጫ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ስለዚህ የሞጁሉን ቦታ የቴሌግራም ቻናል ወሰደው፤ ብሉ ፕሪንትና ሞዴል ጥያቄ በፒዲኤፍ ይዘንባል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ዝናብም አብሮ ቆመ፤ የታተመ ሞጁል ያልጣለ ተማሪ እፎይ ሳይል አልቀረም። ዱርካይም መቼ እንደተወለደ ማወቅና ዱርካይም ስለ ዕድር ምን ሊል እንደሚችል ማሰብ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን የሚለካ ፈተና እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ የሚያንገበግበው ተማሪው ትልቅ ሀብት ይዞ መምጣቱ ነው። የዩኒቨርሲቲው የሃያ ዓመት ልጅ ዕድርን ያነበዋል፤ የርቀቱ ተማሪ ዕድርን ይመራዋል። የመሬት ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጧል፣ የምግብ ዋስትና ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ ማን እንደተዘለለና ለምን እንደተዘለለ ያውቃል። ሞጁሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ምሳሌው ከቺካጎ ወይም ከማንቸስተር የመጣ ነው። ሰውየው የሚያውቀውን ሁሉ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ የማያውቀውን ይሸመድዳል። የራሱን ወረዳ እንዲያጠና የሚጋብዘው አሳይመንት ቢሰጠው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ምን ሊጽፍለት ነው?

በዚያ ቅዳሜ ክምር ውስጥ አሥራ ሁለተኛ የሆነ ወረቀት ነበር። ጸሐፊዋ የአንድ ዕድር ጸሐፊ መሆኗን ነግራኛለች። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ግሱና ባለቤቱ አይገናኙም። ጥያቄው ስለ ማኅበራዊ ትስስር ነው። እሷ የጻፈችው ግን ወርኃዊ መዋጮ ሲጨምር ከዕድሩ መጀመሪያ የሚወጡት እነማን እንደሆኑ ነው። ተከራዮቹ፣ ቀጥሎ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች። ለቀብር ሲሆን ግን ተከራይም ይሁን ባለቤት ሰው ይሰበሰባል ትላለች፤ ዕድሩ ያባረረውን ሰፈሩ ይቀብረዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንግሊዝኛው ሲያልቅባት በአማርኛ ቀጥላለች። ከጎኑ «ይቅርታ መምህር» ብላ ጽፋለች።

በወረቀት ቁጥር የሚከፈለኝ መሆኑን ረስቼ ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። «ተከራዮቹ የሚወጡት ገንዘብ አጥተው ነው ወይስ ድምፅ ስለሌላቸው?» ብዬ ጻፍኩ። «ይህን ልዩነት እንዴት ታረጋግጪዋለሽ? መዝገቡ በእጅሽ ነው፤ የሦስት ዓመቱን አወዳድሪ።» ይቅርታ የምትጠይቅበት ምክንያት እንደሌለም ጨመርኩ። ቀይ እስክሪብቶዬ አልቆ ሰማያዊ ለወጥኩ።

ሰኞ ክምሩን መለስኩ። አስተባባሪው ውጤቱን ወደ መዝገቡ ገልብጦ፣ ወረቀቶቹን በሲባጎ አስሮ፣ ላያቸው ላይ የሴሚስተሩን ቁጥር ጽፎ መጋዘን አስገባቸው።