በመርከብ ላይ የሚደረግ ሠርግና የተጋባዦቹ ነገር

ባሕር ባላቸው አገሮች፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ ሠርግን ከአዳራሽ አውጥቶ ክሩዝ በሚባለው የሽርሽር መርከብ ላይ ማድረግ ከተለመደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንዲህ ያለው መርከብ በውስጡ የመኝታ ክፍሎች፣ የምግብ አዳራሾች፣ የዘፈንና የጨዋታ ሥፍራ፣ የመዋኛ ገንዳም ስላለው፣ በውሃ ላይ የቆመ ከተማ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ተሳፋሪው ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን ወይም አንድ ሳምንት ያህል ከደሴት ወደ ደሴት ሲዘዋወር ቆይቶ ወደ ተነሣበት ወደብ ይመለሳል። ሙሽሮቹም ዘመድና ወዳጃቸውን ይዘው ይሳፈሩና ሠርጉም ሽርሽሩም ባንድነት ይፈጸማል። ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለ አሳብ ቢቀርብላቸው የሚመክሩትን ያውቁ ዘንድ፣ የዚህን ሠርግ አሰናዳድ በመጠኑ ለመግለጽ እንወዳለን።

ነገሩን ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ድንኳን መትከል፣ ጠጅ መጣል፣ ወጥ ቤት መቅጠር የለም፤ የሚያበስለውም የሚያሳልፈውም የመርከቡ ሠራተኛ ነው። ነገር ግን በዚህ ሠርግ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ተገልብጦ ይገኛል። በእኛ ዘንድ ደጋሹ ያበላል፣ ተጋባዡ ይበላል። በመርከቡ ሠርግ ግን እያንዳንዱ ተጋባዥ የመሳፈሪያውን ዋጋ፣ እስከ ወደቡ የሚያደርሰውን የአውሮፕላን ዋጋና ለአሳላፊዎቹ በየቀኑ የሚታሰበውን ጉርሻ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይከፍላል፤ ከሥራውም የሳምንት ፈቃድ ይለምናል። እንግዲህ የጥሪው ወረቀት ሲደርሰው ደስታውና ዕዳው አብረው ደረሱት ማለት ነው።

ስለዚህ የመርከቦችን ሥዕል ከማየትና ዋጋ ከማወዳደር በፊት፣ ሙሽሮቹ ተቀምጠው ያለ እነርሱ ሠርጉ ሠርግ የማይሆንባቸውን ሰዎች ስም ቢጽፉ መልካም ነው። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ያሳደገች አክስት፤ በብዙ ቤት ቍጥራቸው ከዐሥር አይበልጥም። ከዚያም በእያንዳንዱ ስም አጠገብ፣ ይህ ሰው መክፈል ይችላልን? መሳፈርስ ይችላልን? ብለው ይጠይቁ።

መክፈል ለማይችለው ሙሽሮቹ ሊከፍሉለት ይችላሉ። እዚህ ላይ የኩባንያዎቹ ደንብ ጥቂት ይረዳል፤ በብዙዎቹ ዘንድ 8 ክፍል ባንድነት የተከራየ እንደ ማኅበር ይቈጠርና፣ ለየ16ቱ ከፋይ ተሳፋሪ የአንድ ሰው መሳፈሪያ፣ ቀረጡን ሳይጨምር፣ በነጻ ይሰጠዋል። ሙሽሮቹ ይህን ነጻ ሥፍራ ለራሳቸው ከሚያደርጉት ለአያታቸው ቢሰጡት ያምርባቸዋል። ደግሞ ዋጋው የሚነገረው በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ያድራል ተብሎ ነው፤ ብቻውን የሚያድር ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለቱን ያህል ይከፍላል። ስለዚህ ባሏ የሞተባትን አክስት ከማን ጋራ እንደምታድር ሳያስቡ መጥራት፣ እጥፍ ክፈዪ ማለት ይሆናል። ገንዘቡ ከመነሻው ቀን ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ተከፍሎ ማለቅ ስላለበት፣ ጥሪው ቢቻል ከዓመት በፊት ይድረስ።

የመሳፈሩ ነገር ግን በገንዘብ ብቻ አይፈታም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚገባበት ሰፊ በር ያለው ክፍል በየመርከቡ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ቶሎ ካልተያዘ ያልቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ጕዞው ሳይፈጸም 24ኛው ሳምንቷ የሚገባ እንደ ሆነ አብዛኞቹ ኩባንያዎች አያሳፍሯትም፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃንም እንዲሁ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የቪዛ ነገር ነው። በአሜሪካ የምትኖር፣ የዚያም አገር ዜጋ የሆነች አንዲት የአገራችን ልጅ ብታገባ፣ እናቷም ለሠርጉ ከአዲስ አበባ ቢመጡ ብለን እናስብ። የእናቲቱ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ እንደ ሆነ፣ መርከቡ ከማያሚ ተነሥቶ ባሃማስ ወይም ጃማይካ ሲደርስ እርሳቸው ከአሜሪካ ወጥተዋል ማለት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ የሚገቡበት ቪዛ የላቸውም። በየደሴቱም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጠየቀው ሌላ ነው። በወደብ ላይ ወረቀት የሚመረምሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ በሠርጉ ጧት አይሳፈሩም ሊሏቸው ይችላሉ። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ግን፣ መርከቡ ወደ ተነሣበት ወደብ የሚመለስ እስከ ሆነ ድረስ፣ በካሪቢያን ባሕር ወደሚገኙት ደሴቶች ለሚደረገው ለብዙው ጕዞ የልደት ምስክር ወረቀቱንና መታወቂያውን ይዞ መሄድ ተፈቅዶለታል። ሙሽራዪቱም ለራሷ ቀላል ሆኖ ያገኘችው መንገድ እናቷን እንደሚከለክል ሳታስብ የምትቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ዘዴ አለ፤ በብዙ ኩባንያዎችም ዘንድ የታወቀ ነው። መርከቡ በመነሻው ቀን ከጧት ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ በወደቡ ታስሮ ይቆማል። ሠርጉ በዚህ ጊዜ፣ መርከቡ ሳይነሣ፣ በውስጡ ይደረጋል። የማይሳፈሩት ዘመዶች ስማቸው አስቀድሞ ለመርከቡ ጠባቂዎች ተላልፎ፣ ፓስፖርታቸውን ወይም መታወቂያቸውን አሳይተው ለጥቂት ሰዓት ይገባሉ። ጋብቻው ሲፈጸም ያያሉ፤ ኬኩ ሲቈረስ ይገኛሉ፤ ከሙሽሮቹ ጋራ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተሰናብተው ይወርዳሉ። የተሳፈሩት ጕዞአቸውን ይቀጥላሉ። እናቲቱ ከአሜሪካ ምድር አልወጡም፤ አያትም በማዕበል አልተንገላቱም፤ የመሳፈሪያ ዋጋ ያልነበረው ወዳጅም ከሠርጉ አልቀረም። ስሙ በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ሰው ግን በዚያ ቀን አይገባምና፣ ሳይጠራ ጓደኛ አስከትሎ የመምጣት ልማድ ያለው ዘመድ ካለ አስቀድሞ ይነገረው።

በወደብ የሚፈጸመው ጋብቻ የሚገዛው በወደቡ አገር ሕግ ነው። ማያሚ ላይ ከሆነ በፍሎሪዳ ሕግ የጋብቻ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም የሚጸናው 60 ቀን ነው። ሙሽሮቹ የፍሎሪዳ ነዋሪዎች ከሆኑና 4 ሰዓት የሚፈጀውን የጋብቻ ትምህርት ካልወሰዱ፣ ፈቃዱ የሚሠራው ከ3 ቀን በኋላ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ለመጡት ግን ይህ መጠበቅ የለባቸውም። አጋቢው ቄስ ወይም ዳኛ ሊሆን ይችላል፤ በፍሎሪዳ ውል የሚያጸድቀው ኖታሪም የማጋባት ሥልጣን አለው።

ብዙ ሰው ግን ካፒቴኑ ያጋባናል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። የመርከብ ካፒቴን ሁሉ በባሕር ላይ ማጋባት ይችላል መባሉ ከተረት የመጣ ነው። ሥልጣኑ የሚገኘው መርከቡ ከተመዘገበበት አገር ሕግ ነው፤ ለምሳሌ የቤርሙዳ ሕግ ይህን ይፈቅዳል፣ የእንግሊዝ ሕግ ግን አይፈቅድም። ከ1840 ዓመት ጀምሮ (በፈረንጆች ቍጥር) አትላንቲክን ሲያቋርጡ የኖሩት የኩናርድ ኩባንያ መርከቦች በእንግሊዝ አገር ይመዘገቡ ነበር። በ2011 ኩባንያው ክዊን ሜሪ 2፣ ክዊን ቪክቶሪያና ክዊን ኤልሳቤጥ የተባሉትን ሦስት መርከቦቹን ወደ ቤርሙዳ መዝገብ ሲያዛውር፣ የባሕር ላይ ሠርግን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ገለጠ፤ ከ2012 ጀምሮም ካፒቴኖቹ ማጋባት ጀመሩ። ፕሪንሰስ የተባለውም ኩባንያ በ1998 ሥራ በጀመረው ግራንድ ፕሪንሰስ በተባለው መርከቡ ውስጥ ለሠርግ የሚሆን ትንሽ የጸሎት ቤት አሠርቶ ነበር። በአንጻሩ የአሜሪካ ባሕር ኀይል ደንብ የጦር መርከብ አዛዥ በመርከቡ ላይ ጋብቻ እንዳያስፈጽም ይከለክላል። በካፒቴን የሚደረገው ጋብቻ ግን መርከቡ ከወደብ ርቆ ወደ ሰፊው ባሕር ከወጣ በኋላ ስለ ሆነ፣ የሚያዩት የተሳፈሩት ብቻ ናቸው። ለካፒቴኑ ነጭ ልብስ ሲባል እናትን በወደብ ማስቀረት ለእኛ የሚዋጥልን ነገር አይደለም።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም መርከቡ በሚደርስበት ደሴት ወርዶ በባሕር ዳር አሸዋ ላይ መጋባት ነው። ፎቶግራፉ ያምራል። ነገር ግን የአየሩ ጠባይ ሲከፋ ካፒቴኑ ደሴቱን ትቶ እንዲያልፍ በጕዞው ውል ተፈቅዶለታል፤ በአትላንቲክና በካሪቢያን የዐውሎ ነፋሱ ወራት የሚባለውም በፈረንጆች ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ያለው ግማሽ ዓመት ነው። እንደ ግራንድ ኬይማን ባለው ደሴትም ትልቁ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌለ፣ ሰው ሁሉ በትንንሽ ጀልባ እየተጫነ ይወርዳል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላለ ሰው ይህ አይመችም።

የተዋሕዶ ምእመናን ለሆኑት፣ ተክሊልና ቍርባን በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ የመርከቡ ሠርግ እርሱን አይተካም፤ ከካህናቱ ጋራ ተነጋግሮ ቀኑን ለየብቻ መወሰን ይገባል።

ስለ ድግሱ ጥቂት እንበል። አገሩን የናፈቀ ሰው በመርከብ ላይ ቡና አፍልቶ እንግዶቹን ለማስደሰት ያስብ ይሆናል፤ ሆኖም በባሕር ላይ እንደ እሳት የሚፈራ ነገር የለምና ከሰሉም፣ ዕጣኑም፣ ሻማውም ክልክል ነው። የኤሌክትሪክ ቡና ማፍያ እንኳ በብዙዎቹ መርከቦች አይገባም። በቤት የተሠራ ወጥና እንጀራም አይፈቀድም። እንዲህ ከሆነ ዶሮው፣ ቡናውና ዘፈኑ ለመልሱ ይቈይ፤ የመርከቡ ተሳፋሪዎች ሲመለሱ፣ ያልተሳፈሩትም ባሉበት፣ በቤት ይደረግ።

በወደብ ላይ ለሚያገባ ሰው ሁለት ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ሻንጣ በወደቡ ለተሸካሚ ከተሰጠ ወደ ክፍሉ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም በማታ ነው፤ ሠርጉ ግን የሚደረገው በቀትር አካባቢ ስለ ሆነ የሙሽራዪቱ ልብስና ቀለበቶቹ ከእጅ አይለዩ። የመሳፈሪያው ወረቀትም በፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም ይጻፍ፤ በዚያ አገር ሚስት በባሏ የቤተ ሰብ ስም መጠራቷ የተለመደ ነውና፣ በአዲሱ ስሟ ወረቀት የቈረጠች ሙሽራ በበሩ ላይ ትታገዳለች። በአባቷ ስም የምትኖር የአገራችን ሴት ይህ ችግር አይገጥማትም።

የተሰናባቾቹም ነገር አይዘንጋ። መሰላሉ ሲነሣ ልጆቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ወንድምና እኅት ሁሉ በመርከቡ ላይ ናቸው፤ ቋንቋውን የማያውቁት እናት ደግሞ በወደቡ ዳር ቆመዋል። ከዚያ ወደ ቤት የሚወስዳቸውና ሳምንቱን አብሯቸው የሚያድር አንድ የቅርብ ዘመድ ሊኖር ይገባል። ይህ ሰው በሽርሽሩ ስለማይሄድ፣ መጀመሪያ ስሞቹ በተጻፉበት ወረቀት ላይ ከእርሳቸው ስም ቀጥሎ ተጽፎ፣ ከዓመት በፊት ይለመን።