የጣፊያ ራስ-ሰር ክለላና የካላዛር ሕክምና፦ ከፍተኛ የዳይስ ውጤት ብቻውን ለምን አይበቃም?

ጣፊያ በጤነኛ ጎልማሳ በግራ የጎድን አጥንቶች ሥር ተሸፍኖ የሚገኝ፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የአካል ክፍል ነው። በካላዛር በተያዘ ሰው ግን ከእምብርት በታች ሊወርድና ወደ ቀኝ የሆድ ክፍል ሊሻገር ይችላል። በአገራችን በሽታው በተለይ በመተማና በሑመራ ቆላማ እርሻዎች በሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች ላይ ይታያል። ወባም ጣፊያን ስለሚያሳብጥ የጣፊያ ማበጥ ብቻውን በሽታውን አይለይም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ የጣፊያ መቀነስ የመዳን አንዱ ምልክት በመሆኑ፣ መጠኑን በትክክል መለካት ተገቢ ነው።

በእጅ መዳሰስም ሆነ በአልትራሳውንድ ርዝመትን መለካት ስለ ይዘት የሚሰጠው ግምታዊ መረጃ ነው። ራስ-ሰር ክለላ በበኩሉ በሲቲ ስካን ምስል ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቮክስል «ጣፊያ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይመድባል፤ የጣፊያ ቮክስሎች ብዛት በአንዱ ቮክስል ይዘት ሲባዛ የአካሉ ይዘት ይገኛል። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ዩ-ኔት እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀረበ ነው። የሞዴሉ ጥራት በአብዛኛው የሚገለጸው በዳይስ መለኪያ ነው፦ ሞዴሉና ባለሙያው የተስማሙበት ይዘት እጥፍ፣ ለሁለቱ ክለላዎች ድምር ይካፈላል። ፍጹም ስምምነት 1 ነው።

ችግሩ ከሥልጠናው መረጃ ይጀምራል። በሰፊው የታወቀው የሜዲካል ሴግመንቴሽን ዴካትሎን የጣፊያ ስብስብ 61 የሲቲ ምስሎችን ይዟል፤ የተገኙትም በኒው ዮርክ በሚገኝ የካንሰር ማዕከል ለጉበት ካንሰር ሥርጭት ኬሞቴራፒ ከሚወስዱ ሕሙማን ነው። በእንዲህ ያለ መረጃ የሠለጠነ ሞዴል እስከ ዳሌ የወረደን ወይም የጉበትን ግራ ክፍል የነካን ጣፊያ ከፊሉን ሊተው ይችላል።

ስሕተቱን በአንድ የመላምት ምሳሌ እንመልከት። እውነተኛ ይዘቱ 2000 ሚሊ ሊትር ከሆነ ጣፊያ ሞዴሉ የታችኛውን 300 ቢተው፣ ዳይስ 3400 ለ3700 ሲካፈል 0.92 ይሆናል። ውጤቱ መልካም ይመስላል። ሆኖም የተተወው ይዘት አንድ ሙሉ ጤነኛ ጣፊያን ያህላል። ከሕክምና በኋላ ጣፊያው ወደ 1400 ቢወርድና ሞዴሉ ይህን በትክክል ቢለካ፣ እውነተኛው ቅናሽ 30 በመቶ ሆኖ ሳለ የሚመዘገበው 18 በመቶ ገደማ ነው። መድኃኒቱ የሠራለት ሕመምተኛ በቂ ለውጥ እንዳላሳየ ሊቆጠር ይችላል።

ስለዚህ አንድ ሞዴል በአገራችን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በአካባቢው ሕሙማን ምስሎች ሊፈተን ይገባል። ውጤቱ በጣፊያው መጠን ተከፋፍሎ፣ ከዳይስ ጋር የይዘት ልዩነቱ በሚሊ ሊትር፣ መብዛቱ ወይም ማነሱ ተለይቶ ሊቀርብ ያስፈልጋል። ሲቲ ስካን በማይገኝባቸው ቆላማ ጤና ጣቢያዎች ለአልትራሳውንድ የሚሆን ሞዴል ራሱን የቻለ ሥልጠናና ፍተሻ ይጠይቃል።