የካላብሪያው ሐኪም አበቅቴ

ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ፣ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ በተባለው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ አንድ ዶሚኒካዊ መነኩሴ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆሞ ነበር። ስሙ ኢኛጽዮ ዳንቲ ይባላል። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1570ዎቹ አጋማሽ ነው (በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ዘመንና ወር፣ ወደ አገራችን እስኪመለስ ድረስ፣ የእነርሱው ነው)። ወሩ ማርች ነበር። መነኩሴው በ1574 በቤተ ክርስቲያኑ ግንባር ላይ እርስ በርስ የተቆላለፉ የነሐስ ቀለበቶች አስቀምጦ ነበር። የአንዱ ቀለበት ጥላ በሌላው ላይ ምንም ሳይዛነፍ ሲያርፍ፣ ቀንና ሌሊት ተካከሉ ማለት ነው።

ጥላው አረፈ። ዳንቲ የቀኑን ቁጥር አየ። ማርች 11 ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ያ ዕለት መዋል የነበረበት ማርች 21 ነበር። ነሐሱ አይዋሽም፤ ፀሐይም አትዋሽም። ታዲያ ዐሥር ቀን ሙሉ የተሳሳተው ማን ነበር?

የዳንቲ ጥያቄ ለከዋክብት ቆጣሪዎች ብቻ የሚተው አልነበረም። በ325 ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ከተሰበሰቡ በኋላ በጸናው ሥርዓት መሠረት፣ ፋሲካ የሚውለው ቀንና ሌሊት ከተካከሉ በኋላ ጨረቃ ሞልታ፣ ከዚያ በሚከተለው እሑድ ነው። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከፋሲካ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። ሆሳዕና፣ ዕርገትና በዓለ ኀምሳም የታሰሩት በእርሱ ነው። የፋሲካ ቀን ከተንሻፈፈ ዓመቱ በሙሉ አብሮ ይንሻፈፋል፤ ሰው ሳያውቀው በጾም ሥጋ ይበላል፣ በፍስክ ይጾማል።

የስሕተቱ ምንጭ ግማሹ ሲታወቅ ቆይቷል። ዩልዮስ ቄሳር ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርጎ ሠራው። እውነተኛው ዓመት ግን ከዚያ 11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። በ11 ደቂቃ አንድ ጀበና ቡና እንኳ አይደርስም። ነገር ግን ያቺ ትርፍ ደቂቃ በየዓመቱ ስትጠራቀም በ128 ዓመት አንድ ቀን ትሞላለች፤ ከኒቅያ እስከ ዳንቲ ድረስ ደግሞ ወደ ዐሥር ቀን ደርሳ ነበር።

ሁለተኛው ሌባ ግን ከዚህ የረቀቀ ነበር። እርሱም ጨረቃ ነው።

የእኛ ሊቃውንት በበዓላት ማውጫቸው፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ንዑስ ቀመር የሚሉት 19 ዓመት አለ። በየ19 ዓመቱ ጨረቃ ወደ መነሻዋ ዕለት ትመለሳለች ተብሎ ይታመናል። የሮም ቤተ ክርስቲያንም የምትቆጥረው በዚሁ ነበር፤ በካላንደሩ ዳር ከ1 እስከ 19 ያሉት ቁጥሮች ተጽፈው ጨረቃ የምትወለድበትን ቀን ያሳዩ ነበር። ነገር ግን ጨረቃ በየ19 ዓመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድማ ትደርሳለች። በ1500ዎቹ ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ ወረቀት ላይ ካለችው ከሦስት ቀን በላይ ትቀድም ነበር። ገበሬው ቀና ብሎ የሚያያትን ሙሉ ጨረቃ፣ ቄሱ በመጽሐፉ ገና አልሞላችም ይላት ነበር።

ይህን ለማቃናት የተነሡት ሰዎች ዕጣ የሚያሳዝን ነው። እንግሊዛዊው ፍራንቸስካዊ ሮጀር ቤከን በ1267 ለፖፕ ቀሌምንጦስ 4ኛ በላከው መጽሐፍ፣ ክርስቲያኖች በእውነተኛው ጾም ሥጋ እየበሉ ነው ብሎ ጮኸ። ፖፑ በ1268 ሞቱ፤ የቤከን ጩኸትም ከመጽሐፉ ጋር መደርደሪያ ላይ ቀረ። ሁለት መቶ ዓመት አለፈ። በ1475 ፖፕ ሲክስጦስ 4ኛ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረውን ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ረጊዮሞንታኑስን ወደ ሮም ጠሩ። ሊቁ መጣ፤ በዓመቱ፣ በጁላይ 1476፣ ሥራው ሳይያዝ በ40 ዓመቱ እዚያው ሮም ሞተ። እንደገና 40 ዓመት ገደማ ሲያልፍ፣ በሮም በተሰበሰበው የላተራን ጉባኤ ጊዜ ሐሳብ እንዲሰጡ ከተጠየቁት አንዱ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስ ነበር። እርሱም የዓመቱ ርዝመትና የጨረቃ ሩጫ ገና በትክክል ስላልተለካ ካላንደሩን ማረም አይቻልም ባይ ነበር። ያ ጥያቄ ፀሐይንና ጨረቃን በጥብቅ እንዲከታተል እንዳነሣሣው በ1543 በታተመው መጽሐፉ መግቢያ ጽፏል። ሥነ ፈለክ ተለወጠ። ካላንደሩ ግን ባለበት ቆመ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሥራውን የሚያሰናክል አንድ እንቅፋት ነበር። የፀሐይን ስሕተት ለማረም ከካላንደሩ ቀን መቀነስ ያስፈልጋል። ቀን በተቀነሰ ቁጥር ግን የ19 ዓመቱ የጨረቃ ሰንጠረዥ ይፈርሳል። አንዱን ሲያቃኑት ሌላው ይጣመማል። በ1563 የተፈጸመው የትሬንት ጉባኤ ካላንደሩን የያዙትን የጸሎትና የቅዳሴ መጻሕፍት እርማት ለፖፑ ተወ። በ1572 መንበሩን የያዙት የቦሎኛው ተወላጅ ጎርጎርዮስ 13ኛም ሊቃውንትን ሰብስበው ሸንጎ አቋቋሙ። ሸንጎው ተቀመጠ፣ ተከራከረ፣ መፍትሔ ግን ከእጁ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነበር አንድ ሰው የሟች ወንድሙን ወረቀቶች ይዞ ሮም የደረሰው።

ሰውየው አንቶኒዮ ሊሊዮ ይባላል። ወንድሙ ሉዊጂ ሊሊዮ ከጣልያን ደቡብ ጫፍ፣ ካላብሪያ ውስጥ ካለች ቺሮ ከምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ ሐኪም ነበር። በፔሩጃ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። ከዚያ ያለፈ ስለ ኑሮው የሚታወቀው ጥቂት ነው። በየትኛው መስኮት ሥር፣ በስንት ሌሊት ያን ሒሳብ እንደሠራ የመዘገበ የለም። በ1576፣ ወንድሙ ወረቀቱን ለሸንጎው ሲያቀርብ፣ ሉዊጂ በሕይወት አልነበረም። የሸንጎው ሰብሳቢ የሆኑት ካርዲናል ጉልየልሞ ሲርሌቶ እንደ ሊሊዮ የካላብሪያ ሰው ነበሩ፤ የማይታወቀው ሐኪም ወረቀት ከሊቃውንቱ ክምር ውስጥ ተነጥሎ የታየው ከዚህ የተነሣ ይሆናል። ወረቀቱ ተገለጠ።

የፀሐዩ እርማት ቀላሉ ክፍል ነበር። ሊሊዮ በዘመኑ በታመነበት የከዋክብት ሰንጠረዥ ሲቆጥር ስሕተቱ በ134 ዓመት አንድ ቀን ሆነለት፤ በ402 ዓመት ሦስት ቀን ማለት ነው። ለአያያዝ እንዲመች 400 አደረገው፤ በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የአራት ዓመቷ ትርፍ ቀን ትቅር አለ። ይህን የመሰለ ሐሳብ ከእርሱ በፊትም ያነሡ ነበሩ።

ድንቁ ነገር አበቅቴው ነው። አበቅቴ በባሕረ ሐሳብ ላደገ ሰው እንግዳ ቃል አይደለም፤ ወንበሩን፣ ማለትም ከ19ኙ ዓመት ያለፉትን፣ በ11 አብዝቶ በ30 ገድፎ የሚገኘው ያ ቁጥር ነው፤ ለሮሞቹ ዓመቱ ሲገባ የጨረቃን ዕድሜ ይነግራል። በ19 ዓመት ዑደት ውስጥ 19 አበቅቴዎች ብቻ ይመላለሳሉ፤ እነርሱም ለዘላለም አይለወጡም። ሊሊዮ ያደረገው አበቅቴውን ከዚህ እስር መፍታት ነው። ሠላሳ እርከን ያለው መሰላል ያስቡ። የፀሐይ ትርፍ ቀን በምትቀርበት የመቶ ዓመት መባቻ አበቅቴዎቹ ሁሉ አንድ እርከን ይወርዳሉ። ጨረቃ ቀድማ በመድረሷ ደግሞ በ2,500 ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ አንድ አንድ እርከን ይወጣሉ። ሁለቱ በአንድ ዓመት ከተገጣጠሙ መሰላሉ ባለበት ይቆማል። ፀሐይ ስትታረም ጨረቃ አትፈርስም፤ ጨረቃም ስትታረም ፀሐይ አትነካም። ሦስት መቶ ዓመት የታሰረው ቋጠሮ የተፈታው ሰው ሁሉ ያየውን ጥንታዊ ቁጥር እንዲንቀሳቀስ በመፍቀድ ነበር።

ሥራው በአጭሩ ተጠቃልሎ በ1577 ታተመና ለካቶሊክ ነገሥታትና ለዩኒቨርሲቲዎች ተላከ። ምላሹ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ የሚያመሰግን እንዳለ ሁሉ ገና ስሕተት አለበት ብሎ የሚከራከርም ነበር። ዐሥሩ ቀን እንዴት ይነሣ? የአራት ዓመቷን ትርፍ ቀን ለ40 ዓመት እየዘለሉ ቀስ በቀስ ይነሣ ወይስ ባንድ ጊዜ? ሸንጎው ባንድ ጊዜ ይሁን አለ። በሴፕቴምበር 14 ቀን 1580 የተጻፈውን የመጨረሻ ሪፖርት ከፈረሙት መካከል ጀርመናዊው ኢየሱሳዊ ክርስቶፎሮስ ክላቪየስ፣ አንቶኒዮ ሊሊዮ፣ እና የሶርያ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ኢግናጥዮስ ንዕማታላህ ይገኙበታል። ፍሎረንስ ላይ ጥላ ይጠብቅ የነበረው ያ መነኩሴ፣ ዳንቲም አለ።

ዳንቲ ሮም ውስጥም ሥራ አልፈታም። በቫቲካን በተሠራው የነፋሳት ግንብ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ የዕብነ በረድ መስመር ዘረጋ። በግድግዳው ላይ በማዕበል የምትናወጥ ጀልባ ተሥላለች፤ በሥዕሉ ውስጥ ካለው የደቡብ ነፋስ አፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበሳች። በቀትር የፀሐይ ጨረር በነፋሱ አፍ ገብቶ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ወለሉ ላይ ይወድቃል። እንደሚተረከው ጎርጎርዮስ 13ኛ ወደዚያ ክፍል ወጥተው ያችን ብርሃን በዓይናቸው አዩ። በመስመሩ ላይ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበትን ነጥብ የነካችው ካላንደሩ ካለው ቀን ዐሥር ቀን ቀድማ ነበር።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1582 ድንጋጌው ተፈረመ። የተመረጠው ወር ኦክቶበር ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ በዓላት የሚያንሱበት ስለሆነ። ድንጋጌው ቀን ሲሰርዝ ቅዱሳንን አልሰረዘም። ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል፣ ከኦክቶበር 4፣ ማግስት ኦክቶበር 15 ይሁን አለ። በሚጠፋው ኦክቶበር 9 ይውል የነበረው የቅዱስ ዲዮናስዮስና የባልንጀሮቹ በዓል በ15ኛው ይከበር፤ የ14ኛው ቅዱስ ካሊስጦስ ደግሞ በ16ኛው። ዐሥር ቀን ከዓመቱ ሲወጣ ሰማዕታቱ ያለ ቅዳሴ እንዳይቀሩ የተጨነቀ ሰው እጅ በዚህ አንቀጽ ላይ ይታያል። እኔ ከድንጋጌው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ግን ካላንደሩ አልደረሰም። የማተም መብት የተሰጠው ለአንቶኒዮ ሊሊዮ ብቻ ነበር፤ እርሱም የተፈለገውን ያህል ሊያደርስ አልቻለም። በሴፕቴምበር 20፣ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ መብቱ ተነሣ። ብዙ አገሮች በሰዓቱ ሊገቡ ያልቻሉት በከፊል በዚህ ነው። ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ፖላንድና አብዛኛው ጣልያን ግን ደረሱ።

በስፔኗ አልባ ደ ቶርሜስ ገዳም በዚያች ሐሙስ ሌሊት፣ ኦክቶበር 4፣ የአቪላዋ ተሬዛ በሞት አልጋ ላይ ነበረች። ነፍሷ በዚያው ሌሊት ወጣች። እኅቶቿ በማግስቱ ዓርብ ቀበሯት፤ ቀኑ ኦክቶበር 15 ነበር። የቅድስት ተሬዛ በዓል እስከ ዛሬ በኦክቶበር 15 ይከበራል።

አዲሱ ካላንደር ሲታተም በየቀኑ ዳር የቆሙት ከ1 እስከ 19 ያሉት አሮጌ ቁጥሮች ጠፍተው ነበር። በቦታቸው በሮማይስጥ አኃዝ የሊሊዮ አበቅቴዎች ወደ ታች እየቀነሱ ተደረደሩ። በጃንዋሪ 1 ፊት አንዲት ኮከብ ምልክት አለች፤ በ2ኛው ቀን 29፣ በ3ኛው 28፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ገባች። እንግሊዝ እስከ 1752፣ ሩስያ እስከ 1918 እምቢ አሉ።

እኛስ? እዚያው ሮም፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን የሐበሻ መነኮሳት ያረፉበት ቅዱስ እስጢፋኖስ አለ። የእነርሱ ባሕረ ሐሳብ ግን ከአሮጌው የቄሳር ዓመት ጋር እንደ ተስማማ ቀጠለ። ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት በእኛ ቁጥር ዛሬም መጋቢት 25 ነው፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። በ2016 የሮም ፋሲካ መጋቢት 22 ውሎ የእኛው ሚያዝያ 27 ሆነ፤ አምስት ሳምንት ተራራቁ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ሁለቱ ሚያዝያ 12 ላይ ተገናኙ። በኢትዮጵያ ያሉ ካቶሊካውያን ፋሲካን የሚያከብሩት ከአገራቸው ሰው ጋር በአገሩ ቁጥር ነው።

የሊሊዮ የእጅ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በስሙ ግን በጨረቃ ደቡባዊ ክፍል ላይ አንድ ጉድጓድ ተሰይሟል፤ ካላንደሩን ሲከላከልለት የኖረው የክላቪየስ ጉድጓድ፣ ከእርሱ ብዙ እጥፍ የሚሰፋው፣ ከአጠገቡ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል።