የመስቀል ወፍ ከወዴት ትመጣለች?

በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ወዳጅ የገጠመን እንደ ሆነ «አንተማ እንደ መስቀል ወፍ ነህ» እያልን እንወቅሰዋለን። ወቀሳው ለወዳጁ የተገባ ሊሆን ይችላል፤ ለወፏ ግን ፍርደ ገምድል ነው። ስለምን ቢሉ የመስቀል ወፍ ወደ ሩቅ አገር ሄዳ የምትመለስ መንገደኛ ሳትሆን ዓመቱን ሙሉ በአጥራችንና በማሳችን ዳር ስትመላለስ የምትኖር ጎረቤታችን ናትና። ከጥር እስከ ሰኔ ድረስ ዘወትር እያየናት አላወቅናትም።

አስቀድሞ ስሙ ለአንድ ዘር ብቻ የተሰጠ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በየአገሩ ያለው ሰው በመስከረም ደምቆ ያየውን ወፍ የመስቀል ወፍ ይለዋል። በሸዋ ደጋ ይህ ስም ሲሰጣቸው ከሚሰሙት አንዱ መላ አካላቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ትከሻውና ወገቡ ብቻ ቢጫ የሆነው ነው፤ ሁለተኛው ከአናቱ እስከ ጀርባው ቢጫ፥ ከጉሮሮው እስከ ሆዱ ጥቁር የሆነውና በረግረግ ሣር ላይ ላባውን ነፍቶ እንደ ንብ እየተንዘረዘረ የሚበረው ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆ ወረድ ሲሉ ደግሞ የቢጫው ስፍራ በቀይ የተተካለት ሌላ ወንድማቸው ይገኛል። ጥቁርና ነጭ ለብሶ፥ ምንቃሩ ቀይ ሆኖ፥ ከቁመቱ የሚረዝም ቀጭን ጅራት ከኋላው የሚያስከትለውንም ወፍ በዚሁ ስም የሚጠሩት አሉ፤ ነገር ግን የዚህኛው ጠባይ ከቀሩት የተለየ ነው። እንስቲቱ ጎጆ መሥራት የማታውቅ ስለ ሆነች እንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ልጅ ማሳደጉም ለባለ ጎጆይቱ ይተርፋታል።

የልብሳቸው ነገር እንዲህ ነው። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ በየጨፌው ሣሩ ቁመት ያወጣል። በዚያን ጊዜ ተባዕቱ፥ ቀድሞ ከድንቢጥ የማይለይ ቡናማ ተራ ወፍ የነበረው፥ አሮጌ ላባውን እያራገፈ አዲሱን ይለብሳል። ልብሱን ከጨረሰ በኋላ አንድ የሣር ይዞታ ለራሱ ይከልላል፤ ከረዣዥሙ ሣር መካከል የጎጆውን ግድግዳ ይጎነጉናል፤ ከአንዲት የሚበልጡ እንስቶችም በየተራ መጥተው ጎጆውን ከውስጥ አለስልሰው እንቁላላቸውን ይጥሉበታል። እኛ በመስከረም የምናደንቀው ያ ሁሉ ድምቀት እንግዲህ የትዳር ልብስ ነው። ጫጩቶቹ ከጎጆ ወጥተው ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ተባዕቱ ያን ልብስ አውልቆ እንደ እንስቲቱ ቡናማ ይሆንና ከመንጋው ጋር ወደ አዝመራው ይገባል። (በልማድ «እርስዋ» እያልን ብንጠራትም የምትደምቀው እንስቲቱ አለመሆኗን ልብ ይሏል።)

እነዚህ ወፎች የግሪሳ የቅርብ ዘመዶች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። በመስከረም ስለ መስቀል ወፍ የዘፈነው እረኛ በኅዳር ከማማ ላይ ቆሞ ወንጭፉን የሚያጮህባት ያችኑ ወፍ ልትሆን ትችላለች።

አሁን ደግሞ በእውነት ከሩቅ ስለሚመጡት እንናገር። እነዚህ ልብሳቸው ደብዛዛ፥ ድምፃቸው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ዘፈን አልወጣላቸውም። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያውቁት ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ላይ ወፎች የመምጫቸውን ጊዜ ጠንቅቀው የሚጠብቁ መሆናቸውን ለሕዝቡ ተግሣጽ ምሳሌ አድርጎ ያነሣል። ጥበበኛው አርስጣጣሊስ ግን ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለችው ትንሽ ወፍ በብርድ ወራት በጉድጓድ ውስጥ ተሸሽጋ ትከርማለች ብሎ ጽፎ ነበርና አውሮጳውያን ይህን ነገር ብዙ ዘመን ሲቀባበሉት ኖረዋል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1822 በሰሜን ጀርመን ክሉትስ በሚባል ስፍራ አንድ ሽመላ ተገደለ፤ ቢመለከቱትም አንገቱ ላይ የአፍሪካ ሰዎች የሚሠሩት ረዥም ፍላጻ ተሰክቶበት ተገኘ። ፍላጻውን እንደ ተሸከመ እስከ ጀርመን በርሮ ነበር። ይህ ወፍ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ደርቆ ተቀምጦ ይታያል። በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ቁጥር የተጻፈባቸውን የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የወፎች መንገድ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይታወቅ ጀመር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በሸዋ ደጋ ላይ ቀድመው የሚደርሱት በውሃ ዳር የሚራመዱት ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች ናቸው፤ እነርሱም መስከረምን ሳይጠብቁ ገና በነሐሴ፥ ጭቃው ሳይደርቅ፥ በገፈርሳና በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ይታያሉ። በመስከረም ሆዷ ቢጫ የሆነችውና ጅራቷን ዘወትር የምታወዛውዘው ትመጣለች። ይህችን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከብት ወደሚግጥበት መስክ ወጥቶ በበሬው እግር ሥር መመልከት ይበቃል፤ በሬው ሲራመድ ከሣሩ የሚነሡትን ነፍሳት እየለቀመች አብራው ትሄዳለችና። በዚሁ ሰሞን በታረሰ መሬት ላይ ከጓል ወደ ጓል የምትዘል፥ ስትበርም ወገቧ ነጭ ሆኖ የሚታይ ትንሽ ወፍ ትደርሳለች። ክብደቷ ወደ 25 ግራም ያህል ነው። በ2012 በታተመ ጥናት ከዚህችው ዘር በአላስካ የሚፈለፈሉት፥ በጀርባቸው ላይ እጅግ ትንሽ መሣሪያ ታስሮ መንገዳቸው ሲታወቅ፥ እስያን በሙሉ አቋርጠው እስከ ሱዳን፥ ዩጋንዳና ኬንያ ድረስ በአንድ ጉዞ ብቻ ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱ ተረጋግጧል። ጉዞዋም በሌሊት ነው።

በጥቅምትና በኅዳር ንስሮቹ ይከተላሉ። እነዚህ ከባድ ወፎች በሞቀ አየር ላይ ተንሳፍፈው እንጂ ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ መሄድ ስለማይወዱ ሰፊ ባሕር ይፈራሉ፤ ስለዚህ ከዐረብ አገር ወደ አፍሪካ የሚሻገሩት ባሕሩ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ ነው። በ1987 መፀው በጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ የሆኑ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ አይተዋል። ከተሻገሩት ብዙዎቹ የሚያርፉትና የሚያልፉት በእኛ ተራራና ሸለቆ ነው። ከእነርሱም ጋር በሚቀራረብ ጊዜ ከሩስያና ከፊንላንድ ረዥም አንገትና ረዥም እግር ያለው ግራጫው ታላቅ ወፍ በቡድን በቡድን እየተጣራ ይመጣና በቢሾፍቱ አካባቢ ከታጨደው ማሳ ላይ የረገፈውን እህል ይለቅማል፤ በጣና ዙሪያም በብዙ ሺህ ሆኖ ይከርማል።

እንግዲህ በመስከረም አንድ መስክ ላይ ጎን ለጎን ከሚታዩት ከእነዚህ ወፎች ሁለት ልዩ ልዩ ሰዓት የሚቆጥሩ ይገኛሉ። እንግዶቹ የሚነሡት በአገራቸው የቀኑ ብርሃን ማጠሩን ተመልክተው ስለ ሆነ የእኛ ዝናብ ቢበዛም ቢያንስም በየዓመቱ በተቀራራቢ ቀን ይደርሳሉ። የመስቀል ወፍ ግን ለጎጆዋ ረዥም ሣር፥ ለልጆቿም ዘርና ነፍሳት ያስፈልጓታልና የእርሷ ሥራ በአመዛኙ የሚከተለው የእኛን ዝናብ ነው። ዝናብ የዘገየ እንደ ሆነ ሣሩ ይዘገያል፤ ሣሩ ከዘገየ ጎጆው ይዘገያል። ስለዚህ ተባዕቱ ልብሱን ለውጦ የታየበትን ቀንና ባለ ነጭ ወገቧ እንግዳ የደረሰችበትን ቀን አጠገብ ለአጠገብ ጽፎ ለ20 ዓመት የያዘ ሰው፥ የአገሩ ክረምት እንዴት እየተለወጠ እንደ ሄደ የሚያሳይ ብርቱ ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል። ለዚህም ቀለምና ወረቀት፥ ትዕግሥትም እንጂ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ይህን ለማን እናሳስባለን ቢሉ በተለይ ለካህናቱ ነው። አባቶቻችን የርስት ውልና የስጦታ ቃል በብራና መጻሕፍት ኅዳግና በባዶ ቅጠል ላይ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብንም ቀምረው ዕለቱን ከሌሊቱ ለይተው የሚያውቁ ከእነርሱ የተሻለ የሉም። ደብርም ከሹም ይልቅ በአንድ ስፍራ ይጸናል፤ ሹም በ3 ወይም በ4 ዓመት ይዛወራል፤ የደብሩ ዛፍና ጨፌ ግን ከዚያው ናቸው። ከአንድ ደብር የሚገኝ የ20 ዓመት ማስታወሻ በአንድ ቀን ከሚደረግ ታላቅ ቆጠራ ይልቅ ዋጋ ሊኖረው ይችላል ብዬ አምናለሁ።

የወረዳ አስተዳዳሪዎች ሥራ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም የጨፌው ነገር ነው። ጨፌ ለብዙዎቻችን ገና ሥራ ያልተሠራበት ባዶ መሬት መስሎ ይታየናል። ከእንጦጦ በስተሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳ ቤትና ፋብሪካ እየተሠራበት፥ ባሕር ዛፍም እየተተከለበት ሲጠብብ አይተናል። በዚህ ሜዳና ከአዲስ ዓለም ከተማ አጠገብ ባለው በበርጋ ጨፌ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1990ዎቹ፥ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፥ ቁመቷ ከድንቢጥ እምብዛም የማይበልጥ፥ በሣር ውስጥ እንደ አይጥ እየተሽሎከሎከች የምትኖር ወፍ እንደ ገና ተገኘች። በደቡብ አፍሪካም መፈልፈሏ በ2018 እስኪታወቅ ድረስ በዓለም ላይ ጫጩት የምታሳድግበት የታወቀ አገር ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። ዛሬ ከምድር ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መካከል ትቆጠራለች። ጎጆዋን የምትሠራው ክረምት በሙሉ ውሃ በተኛበት፥ ከብትም ባልረገጠው ሣር ውስጥ ስለ ሆነ፥ አንድ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው እንዲወርድ ከተደረገ ማንም ሳያያት፥ ማንም ሳይነካት ትጠፋለች። መስቀል ወፍን ያህል ዝና የላትምና መጥፋቷን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

መንግሥት መሬት ለሕንፃ አይስጥ፥ ገበሬም ሣር አይጨድ ማለታችን አይደለም። ሣር ማጨድ ያለ ነው፤ ነገር ግን በመስከረም ገና ጫጩቱ ከጎጆ ሳይወጣ ከሚታጨድ ጥቅምትን አጋምሶ ቢታጨድ ለከብቱም የሚጎዳው ነገር ጥቂት፥ ለወፎቹ የሚያተርፈው ብዙ ነው። ቦታ ሲመራም መሐንዲሱ ጨፌውን ከደረቁ መሬት ለይቶ በካርታው ላይ እንዲያሳይ ማዘዝ ለአንድ አስተዳዳሪ ከአንድ ደብዳቤ በላይ አያስወጣውም።

ስለ ወቅት ስም አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙ ሰው መስከረምን ጸደይ እያለ ይጠራዋል፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። በወፎቹ ዘንድ ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ በመፀው መግቢያ ይመጣሉ፥ በጸደይ መግቢያም ይሄዳሉ። ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ስለዚህ መዝገቡን በጥቅምት እንዳይዘጋው ይገባል። ከመጋቢት ጀምሮ ባለ ቢጫ ሆዷ ወፍ ከበሬው እግር ሥር የጠፋችበትን ቀን፥ በጓሉ ላይ ትዘል የነበረችውም መጨረሻ የታየችበትን ቀን ቢጽፍ መልካም ነው፤ ያን ጊዜ በሰሜን በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ጎጆ የምትሠራበት ድንጋይ ይገለጥላታል፤ ከአጥሩ ላይ የቀረችውም ቡናማ ወፍ ዝናቡን ትጠብቃለች።