የላስታው ባለ ደርብ ቤት

ልጆቻችን «እናንተ እኮ የሣር ጎጆ ውስጥ ነው ያደጋችሁት» ሲሉን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። እኔም እዚህ ሻአሪያ ተማሪ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ስለ ላስታ የድንጋይ ቤት አጫውታቸዋለሁ።

በላሊበላ፣ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ፣ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ ቤቶች አሉ። ድንጋዩ በጭቃ እየተያያዘ ይካባል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ከታች ከብቱ ያድር፣ ከላይ ሰው ይኖር ነበር፤ መውጫው በውጭ በኩል የተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው።

ብልሃቱን ልብ በሉ። አገሩ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የከብቱ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣ ነበር፣ ወፍራሙ ግድግዳም የቀኑን ሙቀት ያቆያል። ከብቱም ከጅብና ከሌባ ይድን ነበር።

የእኛ የጎንደሩ ቤት በእንጨትና በጭቃ ቢሠራም እንዲሁ ነው፤ ምሰሶው፣ ማገሩ፣ መደቡ ሁሉ ስምና ምክንያት አለው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ምሰሶ ሲቆም ጎረቤት ሁሉ በደቦ ይመጣ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ያደጋችሁበትን ቤት ለልጆቻችሁ በወረቀት ሳሉላቸው፤ እያንዳንዱንም በስሙ ጥሩላቸው። ከእኛ ካልሰሙት ከማን ይሰሙታል?