ልትነቀሱ አስባችኋል? ከስዕሉ በፊት ስለ መርፌው እናውራ

ኢንቦክሳችን ስለ ታቱ በሚጠይቁ ልጆች ተሞልቷል። አብዛኛው ጥያቄ ሁለት ነው፦ ያማል ወይ? ስንት ብር ነው? መልሱ፣ አዎ ያማል፣ ዋጋው ደግሞ እንደ ስፋቱና እንደ ሠሪው ይለያያል። እስካሁን አንድም ሰው ያልጠየቀን ግን ይሄ ነው፦ መርፌው ከኔ በፊት ማን ላይ ነበር?

ንቅሳት ለኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከትግራይ መጥተው ኢሉባቦር የሰፈሩ ቤተሰቦች ጋ ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ መስመር የተነቀሱ እናቶችን አይታችሁ ይሆናል። ያ በመርፌ ወይም በእሾህ፣ በጥቀርሻና በቅጠል ጭማቂ የሚሠራ ነበር። ስለዚህ "አያቶቻችን ተነቅሰው ምን ሆኑ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ለመናገር ምን እንደሆኑ ማን መረመራቸው?

እኛ ሀገር መርፌ ሲባል ሁሉም የሚፈራው ኤችአይቪን ነው። መፍራቱ ልክ ነው። ግን በመርፌ በቀላሉ በመተላለፍ ሄፓታይተስ ቢ ይብሳል። ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን ሰፈር ውስጥ "የወፍ በሽታ" የሚባለውን ከሚያመጡት አንዱ። ወፍም የሌሊት ወፍም የለበትም፤ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው። የደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት መቆየት ይችላል። ማለትም ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛችሁን የነቀሰው መርፌ ዛሬም ሊያስይዛችሁ ይችላል። የተያዘ ሰው ደግሞ ለዓመታት ምንም ሳያመው ቆይቶ ጉበቱ ከተጎዳ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው።

አሁን ልብ በሉ። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ፣ ማለትም ታቱ ከሚያምራችሁ ብዙዎቻችሁ፣ በሕፃንነታችሁ አልተከተባችሁም ማለት ነው። ለአዋቂ የሚሰጠው ክትባት ብዙውን ጊዜ ሦስት ዙር ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በ6ኛው ወር። ለዚህ ነው ዝግጅቱ የሚጀምረው ከስድስት ወር በፊት ነው የምንለው። መቱ ካርል ሆስፒታልም ሆነ በደሌ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ሄዳችሁ መጀመሪያ የደም ምርመራውን፣ ከዚያ ክትባቱን ጠይቁ። ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል፣ ሊያስከፍልም ይችላል። ለስዕሉ የምታወጡትን ብር አስቡና አወዳድሩት። ለሄፓታይተስ ሲ ግን ክትባት የለውም፤ እሱን የሚከላከልላችሁ ንጹህ መርፌ ብቻ ነው።

ንጹህ ሲባል ምን ማለት ነው? መርፌው ከታሸገበት ፊታችሁ ይከፈታል፣ ሥራው ሲያልቅ ይጣላል። ቀለሙ ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሽ ክዳን ይቀዳል፣ የተረፈው ይደፋል። ብዙ ሰው መርፌውን አይቶ ቀለሙን ይረሳል፤ አዲስ መርፌ ሌላ ሰው የተነቀሰበት ቀለም ውስጥ ከገባ ምን ዋጋ አለው? ቫዝሊኑም እንደዛው፣ ሁሉም ጣቱን የሚከትበት ዕቃ ከሆነ ተነሱና ውጡ። በአልኮል መጥረግ ወይም በላይተር ማቃጠል ያገለገለ መርፌን አስተማማኝ አያደርገውም። በተከራየ ክፍል ውስጥ፣ ከቻርጀር በተሠራ ማሽንና በእስክሪብቶ ቀለም የሚነቅስ ጓደኛ ካላችሁ፣ ውደዱት፣ ክንዳችሁን ግን አትስጡት። ከኛ ገጽ ልጆች አንዱ ሰጥቶ ነበር። ሁለት ሳምንት መግል ያዘ፤ ፊደሉ ዛሬ አይነበብም።

ቆዳችሁንም እዩት። ጆሯችሁን ስትበሱ ወይም ስትቆረጡ ጠባሳው አብጦ የሚቀር ከሆነ ንቅሳቱም እንደዚያ ሊያብጥ ይችላል። ይሄ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ቀለምም ቢሆን ኢንስታግራም ላይ ያያችሁት ቢጫና ነጭ በኛ ቆዳ ላይ ብዙም አይታይም፤ ጥቁር ይሻላል። በሌዘር ማስጠፋት ውድ ነው፣ ብዙ ዙር ይፈልጋል፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። የፍቅረኛ ስም ነገር... እሱን እናንተው ጨርሱት።

ወቅቱን ምረጡ። አዲስ ንቅሳት ቁስል ነው፣ ላዩ ለመዳን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የኛ ሀገር ዝናብና ጭቃ ለቁስል አይመችም። ቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ላቡ አለ፣ ቅርንጫፉ አለ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምትነቀሱ ከሆነ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ መመለሱን አስቡበት፤ ጀርባችሁን ተነቅሳችሁ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መታሸት ስቃይ ነው። ቢቻል ጥቂት ቀን ቆዩ።

በዕለቱ ጠግባችሁ ብሉ፣ ተኝታችሁ እደሩ። መጠጥ ከአንድ ቀን በፊት ይቁም። በባዶ ሆድ ሄዶ ወንበሩ ላይ ራሱን የሚስት አለ። ከዚያ በኋላ በንጹህ ውሃና በሳሙና ቀስ ብላችሁ እጠቡት፣ ቅርፊቱን አትላጡ፣ እስኪድን ወንዝ አትግቡ፣ ፀሐይ አታስመቱት። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ቲክቶክ ላይ መድኃኒት አትፈልጉ።

በጋራ መርፌ የተነቀሳችሁ ይህን ካነበባችሁ፦ ገና 72 ሰዓት ካልሞላው ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ፣ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ካለፈ ደግሞ ለኤችአይቪና ለሁለቱም ሄፓታይተስ ተመርመሩ፣ ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ለባለሙያው "ተነቅሼ ነው" በሉት፣ አትፈሩ።